ቁልፉን ለማን ልስጥ? ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት በጎ ፈቃደኛ ዴቨሎፐር የመመልመያና የማጣሪያ መመሪያ

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጅን ወደ ኢትዮጵያ የምትቀይር አንዲት ትንሽ ላይብረሪ (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባት ኮድ) አለችኝ። ለራሴ ሥራ ብዬ የጻፍኳት ናት። ኮዷን ለሁሉም ክፍት (ኦፕን ሶርስ) አድርጌ፣ ኮድ የሚጋራበት ጊትሃብ ላይ ከጫንኳት በኋላ ሰው ይጠቀምባት ጀመር፣ ከዚያ ኢሹ (የችግርና የጥያቄ መልእክት) መምጣት ጀመረ፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁዴ ሄደ። አንድ ምሽት ከሥራ ገብቼ፣ ራት እንኳን ሳልበላ ላፕቶፔን ስከፍት "ይሄ ፕሮጀክት ሞቷል እንዴ?" የሚል አዲስ ኢሹ ጠበቀኝ። በዚያችው ሰዓት ከሁለት ሳምንት በፊት ቴሌግራም ላይ የተዋወቅኩት አንድ ልጅ "ብሮ፣ አድሚን አድርገኝና እኔ ልያዝልህ" ብሎ ጻፈልኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሴቲንግ ገብቼ ስሙን እየጻፍኩ እያለ መብራት ጠፋ።

መብራት ጠፍቶ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጁ ምናልባት ቅን ሰው ነበር። ችግሩ እኔ ነኝ፤ ስለ እሱ የማውቀው የፕሮፋይል ፎቶውን ብቻ ነበር። የተሳሳተ ሰው ወደ ፕሮጀክት የሚገባው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሞኝ ስለሆነ ሳይሆን ስለደከመ ነው። ስለዚህ ሰው እንዴት እንደምትቀበሉ የምትወስኑት ከመድከማችሁ በፊት ይሁን። ከዚህ በታች ያለው እኔ የምከተለው አካሄድ ነው። ከኋላው ድርጅት ለሌለው፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ለሚገፋው ፕሮጀክት ይሆናል።

በመጀመሪያ ግን የኤክስዚ ነገር

ይህን ታሪክ ያልሰማችሁ ካላችሁ ባጭሩ ላውጋችሁ። ኤክስዚ ዩቲልስ ፋይል የሚጨምቅ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ባለበት ሁሉ አለ ማለት ይቻላል። ለዓመታት የያዘው ላሴ ኮሊን የሚባል አንድ ፊንላንዳዊ ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። እ.ኤ.አ. በ2021 "ጂያ ታን" የሚል ስም ያለው ሰው ብቅ አለና ጥሩ ጥሩ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) ይልክ ጀመር። በ2022 ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም አይቷቸው የማያውቅ አካውንቶች መጥተው ኮሊንን "ሥራው ዘገየ፣ ሌላ ሰው ጨምር" እያሉ ይነዘንዙት ያዙ። ሰውየው የአእምሮ ጤናው እንዳስቸገረውና ሥራውም የማይከፈልበት የትርፍ ጊዜ ሥራ እንደሆነ በግልጽ ጽፎላቸዋል። ሰሚ አላገኘም። በመጨረሻ ጂያ ታን ፕሮጀክቱን አብሮ ያዘ፤ በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው 5.6.0 የሚባለው ቨርዥን በሆዱ የጓሮ በር (ያልተፈቀደለት ሰው በድብቅ የሚገባበት ኮድ) ይዞ ወጣ።

ነገሩ የተነቃው በአንድ ሰው ጥርጣሬ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ መሐንዲስ፣ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በርቀት በሚገባበት መንገድ) ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየበት። ለምን ብሎ ቆፈረ። ማርች 29 ቀን 2024 ያገኘውን ለዓለም አሳወቀ። ግማሽ ሰከንድ! እኔ ብሆን "ኔትወርኩ ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

የእኔን የጳጉሜን ኮድ ብሎ የሚመጣ ሰላይ የለም፣ አውቃለሁ። የእናንተንም ላይመጣ ይችላል። ግን አሠራሩን እዩት፤ ጥሩ ሥራ፣ ከዚያ ውትወታ፣ ከዚያ የደከመ ሰው፣ ከዚያ ቁልፍ፣ ማለትም ኮዱን የመለወጥና የማውጣት መብት። ለትንሹም ለትልቁም ፕሮጀክት መንገዱ ይኸው ነው።

1. ደቦ ከመጥራታችሁ በፊት ጠላውን ጥመቁ

ደቦ የሚጠራ ገበሬ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት እህል ውኃውን ያሰናዳል፣ የሚታጨደውንም ማሳ ያሳያል። እኛ ግን "ኮንትሪቢዩተር እንፈልጋለን" ብለን እንለጥፍና የመጣው ሰው ኮዱን ማስነሳት አቅቶት ይመለሳል።

ፈተናው ቀላል ነው። ፕሮጀክቱን የማያውቅ ጓደኛ ጋብዙ፣ ደከም ያለ ላፕቶፕና የሞባይል ዳታ ስጡት፣ እናንተ ዝም ብላችሁ ከጎኑ ተቀመጡ። ሪድሚውን (የፕሮጀክቱን መግቢያ ጽሑፍ) ብቻ እያነበበ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ኮዱን አስነስቶ ቴስቶቹን (ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን) ካላስኬደ ገና አልተዘጋጃችሁም። ዳታው ላይ ትኩረት አድርጉ። ለመነሳት አንድ ጊጋባይት የሚያወርድ ፕሮጀክት ካርድ እየሞላ የሚሠራውን ተማሪ ገና ከበሩ መልሶታል።

ላይሰንስም (የአጠቃቀም ፈቃድ) ይኑራችሁ። ላይሰንስ የሌለው ኮድ ሲታይ ክፍት ይመስላል እንጂ በሕግ ማንም እንዲጠቀምበት አልተፈቀደለትም። እግረ መንገዳችሁን አንድ ገጽ ጻፉ፦ ውሳኔ የሚሰጠው ማን ነው? ፑል ሪኩዌስት (ሰው ኮዱ ውስጥ እንዲገባ የሚልከው ማስተካከያ) በስንት ቀን ይታያል? ሰው መብት የሚያገኘው ምን ሲያሟላ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሁሉም ይዘላታል፤ በኋላ የሚያጣላው ግን እሷ ናት።

2. የምትፈልጉትን ሰው በስሙ ጥሩት

"ዴቨሎፐር እንፈልጋለን" ማንንም አይጠራም። ሰው ራሱን የሚያይበት ማስታወቂያ ይሁን። እኔ ባለፈው የለጠፍኩት እንዲህ ይላል፦

"የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ አለን። ጃቫስክሪፕት በመጠኑ የሚያውቅ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ለሦስት ወር መስጠት የሚችል ሰው እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ሥራ የጳጉሜንን ቴስት ማጠናከር ነው። ክፍያ የለውም። ኮዳችሁን መስመር በመስመር እናይላችኋለን፣ ስማችሁ በሥራው ላይ ይቀመጣል። እንግሊዝኛ የግድ አይደለም፣ በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል።"

ክፍያ የለም ማለት ይከብዳል፣ ግን በግልጽ በሉት። "ወደፊት ሊኖር ይችላል" የሚሉት ነገር ከሦስት ወር በኋላ ቂም ይሆናል። ኮድ የማይጽፉትንም ጥሩ። ሰነድ የሚያስተካክል፣ ኢሹ የሚለይ፣ ትርጉም የሚሠራ ሰው ሸክም ያቀላል።

3. ሰው የት አለ?

ከሁሉ በፊት የተጠቃሚዎቻችሁን ስም ዝርዝር እዩ። በትክክል የተጻፈ ኢሹ የከፈተ ሰው፣ ማለትም "አይሠራም" ብሎ ሳይሆን "ይህን ቀን ሳስገባ ይህ ወጣ፣ መውጣት የነበረበት ይሄ ነው" ብሎ የጻፈ ሰው፣ ግማሽ መንገድ መጥቶላችኋል። ለእሱ በግል ጻፉለት። ለመቶ ሰው ከሚለጠፍ ማስታወቂያ ለአንድ ሰው በስሙ የተጻፈ መልእክት የበለጠ ሰው ያመጣል፤ የእኔ ተሞክሮ ይህ ነው።

ከዚያ የቴሌግራም የፕሮግራመር ግሩፖች አሉ፣ የዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም አለ። እዚያ ሰርተፊኬት ይዘው "አሁንስ ምን ልሥራበት?" የሚሉ ልጆች ሞልተዋል። ሰርተፊኬቱ መቻላቸውን አያረጋግጥም፣ ፍላጎታቸውን ግን ይነግራችኋል።

ውጭ ሀገር ያሉትን አትርሱ። ዲሲ ወይም ስቶክሆልም ያለው ባለሙያ ልምድ አለው፣ የሚያጣው ሰዓት ነው። ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ ስብሰባ ስትቀጥሩ "ሦስት ሰዓት" ብላችሁ እንዳትጽፉ። አንዱ በሀበሻ፣ ሌላው በፈረንጅ ይቆጥርና ስድስት ሰዓት ትተላለፋላችሁ። "በአዲስ አበባ 20:00፣ ማለትም ማታ 2 ሰዓት" ብላችሁ ጨርሱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ሽልማት ለብዛት አትስጡ። በኦክቶበር 2020 ሃክቶበርፌስት በሚባለው የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ላይ አራት ፑል ሪኩዌስት ላቀረበ ቲሸርት ይሰጥ ነበርና፣ ሪድሚ ላይ አንዲት ቃል እየጨመረ የሚልክ ሰው ብዙ ፕሮጀክት አጥለቀለቀ። አዘጋጆቹ ከቀናት በኋላ ደንቡን ቀይረው፣ ፈቃደኛ የሆነ ፕሮጀክት ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ።

4. የመጀመሪያው ሥራ ራሱ ፈተና ይሁን

የቃለ መጠይቅ ጥያቄ አታዘጋጁ። በጎ ፈቃደኛን እንደ ሥራ ፈላጊ ብትመረምሩት ትቶ ይሄዳል፣ እውነቱንም ነው። ይልቅ ትንሽ፣ እውነተኛ፣ ጠርዝ ያላት ሥራ ስጡት።

የእኔ ምርጥ ሥራ ጳጉሜን ናት። ሁሉም ሰው ጳጉሜን አምስት ቀን እንደሆነች ያውቃል። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆንም ያውቃል። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ስድስት ናት፤ በአያቶቻችን አነጋገር ዘመነ ሉቃስ ማለት ነው። ስለዚህ "ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሲገባ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መውጣት አለበት፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2016 ሲገባ ግን ስህተት መሆኑን መናገር አለበት፣ ለሁለቱም ቴስት ጻፍ" እላለሁ። ጎበዝ የሆነ ልጅ ቴስቱን ይጽፋል። የበለጠ ጎበዝ የሆነው "እሺ፣ መስከረም 1 ቀን 2016ስ ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፣ እሱንም ልጨምረው?" ይላል። ያኔ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ።

የአማርኛ ጽሑፍ የምታቀናብሩ ከሆነ የሀ፣ የሐና የኀ፣ የአና የዐ ነገር ጥሩ መፈተኛ ነው። "ዓለም" ብሎ የፈለገ ሰው "አለም" የተባለውንም ያግኝ። ቀላል ይመስላል። ግን ፊደሉን በፍለጋው ላይ ብቻ ማመሳሰልና የሰውን ጽሑፍ ራሱን መለወጥ ሁለት ለየቅል ነገሮች ናቸው፤ ይህን ሳይነገረው የለየ ሰው አስቦ ይሠራል ማለት ነው።

እነዚህን ትንንሽ ሥራዎች ራሳችሁ አትጨርሷቸው። አውቃለሁ፣ አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጁባችሁ። ተዉአቸው፣ "ለጀማሪ የሚሆን" የሚል ምልክት ለጥፉባቸው። ሰው ሥራውን ሲልክ ደግሞ በሁለት ቀን ውስጥ መልሱለት፣ ባይመቻችሁ እንኳን "አይቼዋለሁ፣ እሁድ እመለሳለሁ" በሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፑል ሪኩዌስት የላከ ሰው ስልኩን በየሰዓቱ እያየ ነው።

5. ሥራው ሲመጣ ምን ታያላችሁ?

ኮዱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ማየት ግማሹ ነው። እኔ ከኮዱ ይልቅ የምጠብቀው ሰውየው ለሪቪው (ኮዱን አይተን ለምንሰጠው አስተያየት) የሚሰጠውን መልስ ነው። ሆን ብዬ ቢያንስ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ "ለምን በዚህ መንገድ ሠራኸው?" የሚያስረዳ አለ። "አላሰብኩበትም፣ ልየው" የሚል አለ፣ እሱ በጣም ጥሩ ነው። የሚቆጣም አለ። ዛሬ በአንድ መስመር ኮድ የተቆጣ ሰው ነገ በቡድን ስብሰባ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

ይህ ጥያቄ ሌላም ነገር ያጣራል። አሁን ቻትጂፒቲ ያወጣለትን ሳያነብ የሚልክ በዝቷል። ከርል የተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ ፕሮግራም መሥራች ዳንኤል ስተንበርግ በ2025 ማሽን የፈበረካቸው የደህንነት ሪፖርቶች ቢያስመርሩት እንዲህ የሚልኩትን እናግዳለን እስከማለት ደርሷል። እኔ መሣሪያውን አልከለክልም። ግን የላከውን ኮድ ማስረዳት የማይችል ሰው ኮዱን እንደጻፈው አልቆጥርለትም።

እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ መሆኑን አትቁጠሩበት። ሲቪውንም ተዉት። መልስ ማዘግየቱንም ቶሎ አትፍረዱበት፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል ሀገሩ ሁሉ ከመስመር ሲወጣ፣ ውጭ ያለ ፕሮጀክት ላይ ይሠሩ የነበሩ ልጆች ያለ ጥፋታቸው "የጠፋ ሰው" ተባሉ። ማየት ያለባችሁ ሲመለስ ያቋረጠውን መጨረሱን ነው።

ቢያንስ ሦስት ሥራ ሳይጨርስ ስለ መብት አታውሩ። ሦስቱም በአንድ ቅዳሜ የተላኩ ከሆኑ አንድ ናቸው።

6. ማንነቱን ማወቅ ያስፈልጋል ወይ?

እዚህ ላይ ሰው ይለያያል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ፕሮጀክት ጥብቅ ነው። አባል ለመሆን ነባር አባል "ይህን ሰው አውቀዋለሁ" ብሎ ሊመሰክርላችሁ ይገባል፤ የዲጂታል ቁልፋችሁን ነባር አባላት ሊፈርሙላችሁ ይገባል፤ ከዚያም ስለ ፕሮጀክቱ ፍልስፍናና ስለ ሙያችሁ ትጠየቃላችሁ። ወራት ይፈጃል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፣ ዋስ መጥራት ነው።

ለትንሽ ፕሮጀክት ግን መታወቂያ መጠየቅ ይበዛል። ስሙን ላለመግለጥ በቂ ምክንያት ያለው ሰው አለ፣ ለምን ብዬ አልጠይቅም። የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ ኮድ ለመላክ ማንነት አይጠየቅም። ቁልፍ ለመያዝ ግን ወይ በአካል ወይ በቪዲዮ ያየሁት፣ ወይም የማምነው ሰው ዋስ የሆነለት መሆን አለበት። ዋሱ ማኅተም ያለው ተቋም አይሁን፣ ሰው ይሁን። በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጥናት ብለው ሆን ተብሎ ስህተት ያለበት ፓች ለሊኑክስ መላካቸው ሲታወቅ፣ ዩኒቨርሲቲው ከነጭራሹ ታግዶ ነበር።

7. ቁልፉን እንደ ዕቁብ በየተራ

ዕቁብ ውስጥ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። አዲስ የገባ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ዕጣ እንዳይወስድ የሚያደርጉም አሉ። ሰውየውን ጠልተው አይደለም፣ ደንቡ ነው። ደንብ ስለሆነም ማንም አይቀየምም።

በጊትሃብ የ"ድርጅት" አካውንት (ብዙ ሰው የሚጋራው አካውንት) ላይ ይህን በደረጃ ማድረግ ይቻላል። ከሦስት ሥራ በኋላ ኢሹ የመለየትና የማዘጋጀት መብት ስጡ፤ ትሪያጅ ይባላል፣ ኮድ መንካት አይችልም። ሦስት ወር ያህል ከቆየ የመጻፍ መብት። ግን ዋናው ብራንች (ዋናው የኮድ መስመር) የተጠበቀ ይሁን፣ ማለትም ማንም፣ እናንተም ጭምር፣ ሌላ ሰው ሳያይለት ኮዱን መርጅ ማድረግ (ወደ ዋናው ማስገባት) አይችልም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሌለው ሰው ይህን አያገኝም።

የመጨረሻው ቁልፍ አዲስ ቨርዥን የማውጣት ነው። አደጋው ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኢቨንት ስትሪም የተባለውን የኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ኮድ ማከማቻ) ፓኬጅ ባለቤቱ ከተወው ቆይቶ ነበር፤ አንድ የማያውቀው ሰው "ልያዝልህ" አለው፣ ሰጠው። አዲሱ ሰው የቢትኮይን ቦርሳ የሚሰርቅ ኮድ ያለበት ሌላ ፓኬጅ ጨመረበት። ባለቤቱ ላይ ብዙ ሰው ጮኸበት፤ እኔ ግን ሳነበው ያቺን መብራት የጠፋችበትን ምሽት ነው ያስታወስኩት።

ስለዚህ ቨርዥን ከማንም ላፕቶፕ አይውጣ። ሁሉም ሰው ከሚያየው ኮድ ላይ፣ ጊትሃብ አክሽንስ ወይም መሰል በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ይሥራው፤ ለመውጣት የሁለት ሰው ፈቃድ ይጠይቅ። የኤክስዚን የጓሮ በር የሚቀሰቅሰው ክፍል ጊት ላይ ካለው ኮድ ውስጥ አልነበረም፣ ለማውረድ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር የተጨመረው። ኮዱን የሚያነብ ሰው ቢኖርም አያየውም ነበር።

የሚያስጠረጥሩ ምልክቶችም አሉ። ሥራ ሳይሠራ መብት የሚጠይቅ። "ዛሬ ካልወጣ" የሚል። ከየት እንደመጡ የማይታወቁ አካውንቶች አንድን ሰው አዝለው ሲመጡ። የማይነበብ ትልቅ ፋይል "ለቴስት ነው" ብሎ የሚጨምር። ቴስት ወይም የደህንነት መፈተሻ እንዲጠፋ የሚጠይቅ፤ ጂያ ታንም በ2023 ኤክስዚን በራሱ የሚፈትሸው የጉግል ፕሮግራም ላይ አንድ ነገር እንዲጠፋ አስደርጎ ነበር። አንዱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ፍጥነት ቀንሱ፣ ሌላ ሰው አማክሩ።

8. ይሉኝታን እንዴት እናድርገው?

ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቴክኒኩ ይለመዳል። ግን የሦስት ሳምንት ድካሙን ይዞ ለመጣ ልጅ "አይሆንም" ማለት፣ ወይም አንድ ዓመት ለጠፋ ጓደኛ "መብትህን አነሳሁ" ማለት ለእኛ ሰው ሞት ነው። ስለዚህ አንልም፣ ዝም እንላለን። ፑል ሪኩዌስቱ ስምንት ወር ይቀመጣል። ልጁ ይቀየማል። ከመቀየሙም በላይ ሁለተኛ አይሞክርም።

እኔን የረዳኝ ቃሉን አስቀድሞ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ለማልቀበለው ሥራ ይህን እልካለሁ፦ "ጊዜህን ስለሰጠኸን እናመሰግናለን። ይህን አንቀበለውም፣ ምክንያቱም ላይብረሪው ትንሽ ሆኖ እንዲቆይ ስለምንፈልግ ነው። ስህተቱ የአንተ አይደለም፣ ቀድመን መናገር ነበረብን። ኢሹ ቁጥር 41ን ብትሞክረው ደስ ይለናል።" አጭር፣ ምክንያት ያለው፣ ቀጣይ ሥራ የሚያሳይ።

ለጠፋው ደግሞ ደንቡ ገጹ ላይ አለ፦ ስድስት ወር ያልሠራ ሰው መብቱ ይነሳል፣ ሲመለስ በአንድ መልእክት ይመለስለታል፣ ስሙ ከምስጋናው ዝርዝር አይወጣም። የመጀመሪያው መብቱ የተነሳበት ሰው እኔው ነበርኩ፣ አንድ የተውኩት ሌላ ፕሮጀክት ላይ። ራሴን ሳስወጣ ሌላውም አልከበደውም።

ያ "አድሚን አድርገኝ" ያለኝ ልጅ? በማግስቱ "አድሚኑ ይቆየን፣ ይቺን የጳጉሜን ኢሹ ትሞክራለህ?" ብዬ ጻፍኩለት። መልእክቱን አይቶታል፣ አልመለሰም። እስከ ዛሬም ማን እንደነበረ አላወቅኩም።

ኢሹዋን የሠራቻት አንዲት ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ቤቷ የሚጠቀምበት ሲስተም ላይ ጳጉሜን 6 ጠፍታባት፣ ለምን ብላ ስትፈልግ ነው ያገኘችን። ኮድ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነበር። አሁን ሁለተኛውን ቁልፍ የያዘችው እሷ ናት። ባለፈው ወር የእኔኑ ፑል ሪኩዌስት "ቴስት የለውም" ብላ መለሰችብኝ፣ እስካሁን አልጨረስኩትም።